ቀዩ ማሰሪያ

ጎሮ፣ ጥር 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብዱልናስር፤ አሰላሙ አለይኩም። አንተ ግንባር ላይ እንዴት ነህ? እኔ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።

ለሰላላው እግሬ አዲስ የድጋፍ ብረት ላሠራ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ቤት ሄጄ ወረፋው ላይ ከግንባር የመጡ እኩዮችህን አገኘሁ። የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ አየሁ፤ አንተ የለህበትም፤ እፎይ ብዬ ተቀመጥኩ። የተቆረጠ እግራቸውን ሳይደብቁ ይቀላለዳሉ። እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ከመስጊድ እስኪወጣ እየጠበቅኩ ነበር ብረቱን ከነጫማው የማስረው!

«የማሰሪያው ቆዳ ጥቁር ይሁን ቡናማ፣ አባባ?» አለኝ ሠራተኛው።

«ቀይ!»

«ሊሞሸሩ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ይሳቅ! አሁን ከመስጊድ ከሁሉ ቀድሜ እወጣለሁ።

ሰውዬው ጫማም ይሰፋል። እግርህን ወረቀት ላይ አስቀምጠህ ዙሪያውን አስምረህ ላክልኝ፤ ሁለቱንም።

ዓይን ለዓይን እስክንተያይ አላህ ይጠብቅህ።

አባትህ እንድሪስ