እናታችን ለአሜሪካው ሹም የተሳለችው ጃንጥላ

ለምወድህ ወንድሜ ለሙሉቀን፣

ከእግር ጥፍርህ እስከ ራስ ጠጉርህ ደኅና ነህ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ብርዱስ ጠናብህ? እኛ ለመድኃኔ ዓለም ምስጋና ይግባውና ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን። እናታችን ግን ጉልበቷ ዝሏል፤ ያለ ደጋፊ ከደጃፍ አታልፍም። ይህን በስልክ ያልነገርሁህ፣ ስለዚያ ሰውዬ ስጀምር ስለምትዘጋብኝ ነው። ደብዳቤ አይዘጋም፤ እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

አምና በጥቅምት ደውለህ ምን እንዳልሃት አልረሳሁም። ይህ ሰው ከተመረጠ ሃይማኖት ያከብራል፣ የመኖሪያ ወረቀቴም ያልቅልኛል፣ መጥቼ አይሻለሁ አልሃት። እሷም ስሙን እንኳ በቅጡ ሳትይዝ፣ እሱ ከነገሠና ልጄ ከመጣ ለደብራችን ለቤተ ልሔም ታቦት ጃንጥላ አስገባለሁ ብላ ተሳለች። ግድባችሁን ግብፅ ታፈነዳዋለች ብሎ የተናገረው እሱ አይደለም ወይ ብልህ፣ ፖለቲካ አይገባሽም አልኸኝ። ለዚያ ግድብ እኮ እናታችን በጓን ሸጣ ያዋጣች ሴት ናት!

ይኸው ተመረጠ። በጥምቀት ማግስት፣ በቃና ዘገሊላ ወንበሩ ላይ ወጣ። አሁን ዓመት ሞላው። የኛ ሰው ሹም የሚመዝነው በዘመኑ ምን በላን ብሎ ነውና እኔም ልመዝንልህ። ሳምንት ሳይሞላው እርዳታ ይቁም አለ። በሰኔ፣ ጎተራው ተጠርጎ ባለቀበት፣ ስንዴውም ክኩም ዘይቱም ቀረብን። የዘይቱ ጣሳ ብቻ አለኝ፤ ከአሜሪካ ሕዝብ ይላል፤ የባቄላ ዘር አስቀምጬበታለሁ። ጎረቤታችን ሰርካለም ለከሳችው ሕፃኗ ያችን በላስቲክ የታሸገች የለውዝ ምግብ ፍለጋ ንፋስ መውጫ ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ባዶ እጇን መጣች። ልጅቱ በጎረቤት ወተት ተረፈች። ሰጪ ቢተው መብቱ ነው ትለኝ ይሆናል። ይሁን! መኸር እስኪደርስ ቢታገሥ ምን ነበረበት? በክረምት አፋፍ እንዲህ ይደረጋል?

ያንተስ ወረቀት? ያልቃል ያልኸው ጭራሽ ተቆለፈ። እዚያው ያለችው የአጎታችን ልጅ አዜብ እንደነገረችኝ፣ ሰው ይታፈሳል ብለህ ሥራ መሄድም ፈርተሃል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ያሞገስኸው ሰው በር ሲዘጋብህ ምን አልህ? አበስኩ ገበርኩ፣ ልሰድብህ አልነበረም፤ አንጀቴ ቢቃጠል ነው።

እናታችን ግን እንቅልፍ አጣች። ሰውየው ነግሧል፣ አንተ አልመጣህም፤ ስለቱ ይገባል ወይስ ይቀራል? የነፍስ አባታችን መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ ስለማን ብለሽ ተሳልሽ ቢሏት፣ ስለ ልጄ አለች። እንግዲያው ሹሙን ተይውና አስገቢ አሏት። በጥምቀት ባለቤቴ ክንዱ በበቅሎ አድርሷት ጃንጥላውን በገዛ እጇ ሰጠች። እንደምታውቀው ስለት ሲገባ ምክንያቱ ለሕዝብ ይነገራል። ዲያቆን ማቴዎስ አምና በሰማው መሠረት፣ የአሜሪካው መሪ ስለተመረጠላቸው ብሎ ሲጀምር ሕዝቡ አጉረመረመ። እናታችን ምርኩዟን አንሥታ፣ እሱን ተወው፣ ልጄን በሕይወት ስላቆየልኝ በል አለችው። ያ ሁሉ ሕዝብ እልል አለ። እኔ አለቀስሁ።

ስንመለስ በበቅሎው ላይ እንዳለች የላከችብህን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦ ከዚያ አገር ከወጣህ ተመልሰህ መግቢያ እንደማይኖርህ ሰምቻለሁ፤ ብሞት ለቀብሬ እንዳትመጣ።

እናትን እንዲህ ያሰኘ ሰው ነው። ዓመቱን በዚህ መዝንልኝ።

ክንዱ፣ መሬትህን እያረስሁልህ ነው፣ አታስብ ይልሃል። ልጄ ፅጌረዳ ፎቶህን ላክልኝ ትላለች። ሰርካለም ከነሕፃኗ ሰላም ብላሃለች። እናታችን ደግሞ ወፍራም ልብስ ልበስ፣ በርህንም ዝጋ ትላለች።

ታላቅ እህትህ ጌጤ
ጋይንት፣ ቤተ ልሔም አጠገብ
ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.