ዕቃው ሳይወጣ ግድግዳ አይነካም

ውድ እህት ዓለሜ፣

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈልህ ብለሽ እንዳትጠይቂ። ጎረቤታችን ጡረተኛው አልጻፈልኝም፤ አክስታችንም አልጻፈችልኝም። እኔው ነኝ፣ ቀለም ቀቢው ወንድምሽ። አንቺ ወደዚያ ሩቅ ጤና ጣቢያ ለአዋላጅነት ከሄድሽ ወዲህ፣ አምስት ወር ሙሉ፣ ከሥራ ስወጣ የእጄን ቀለም አስለቅቄ የማታ ትምህርት እገባለሁ። አስተማሪያችን ምን አለችኝ መሰለሽ? «በዚህ ክፍል እንደ አንተ የሚያወራም፣ እንደ አንተ ቶሎ ማንበብ የቻለም የለም።» የመጀመሪያውን እርሺው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ላፕቶፕሽን ለእኔ ለምን አደራ እንደሰጠሽ አውቃለሁ። «እሱ ፊደል አይለይ፣ ምን ብሎ ይነካዋል» ብለሽ ለአክስታችን ስትነግሪያት ከበሩ ኋላ ነበርኩ። ተማምነሽብኝ የይለፍ ቃሉን ከሥሩ በወረቀት ለጥፈሽዋል። እህት ዓለም፣ አነበብኩት።

ክፉ አስቤ አይደለም። የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ጨርሼ የማነበው አጣሁ፤ ያንቺ ላፕቶፕ ደግሞ በአማርኛ ነው የሚሠራው። ገና ስከፍተው «አዲስ ስሪት ተዘጋጅቷል፤ አሁን ማሻሻል ይፈልጋሉ?» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ግድግዳ ስቀባ እንዲህ በአክብሮት የጠየቀኝ የለም። እምቢ ብዬ ላሳፍረው? «እሺ» የሚለውን ተጫንኩ።

ሲሻሻል ዋለ። ጠፍቶ ሲነሣ ግን ሌላ ጽሑፍ መጣ፦ «ዲስኩ ላይ ስህተት ተገኝቷል፤ በመጠገን ላይ።» አሥራ አንድ በመቶ ይደርስና ድርግም ይላል። እንደገና ይነሣል፣ እንደገና አሥራ አንድ። ከሆዱ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ያኔ መጽሐፍሽ ትዝ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቤቱ እየዞርሽ፣ የወለዱትን እናቶች እየጠየቅሽ የጻፍሽው፣ ማተሚያ ቤቱ መምጣትሽን የሚጠብቅበት መጽሐፍ። ሌላ ቅጂ እንደሌለው ራስሽ ነግረሽኛል። ላብ አጠመቀኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራዬን ትቼ፣ ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ አቅፌ ከጫማ መሸጫው በላይ ወዳለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉት?» አለኝ።

«አሻሻልኩት።»

«ሲሻሻል እንዲህ ከሆነ፣ ቢያበላሹትማ ጉድ ነበር!»

ከፈተው። ስክሪኑ ላይ ብዙ ጽሑፍ ተደረደረ። ሰውዬው አንዷንም ሳያይ ጣቱን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

«ቆይ! አላነበብኩትም» አልኩት።

«ይህን ማንም አያነበውም፣ ጋሼ። እሺ እያሉ ማለፍ ነው። ዲስኩን ጠራርጌ እንደ አዲስ እጭነዋለሁ፤ ለምሳ ይደርሳል።»

«እኔ አነበዋለሁ።»

ጣቴን ከመስመሩ ሥር እየጎተትኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንድ በአንድ አነበብኩ፦ «ዲስኩ በቅርቡ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ጥገና ከመጀመርዎ በፊት ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ቦታ ይቅዱ።»

ወረፋ ይዘው የተቀመጡ ሴትዮ «አስተማሪ ነህ እንዴ?» አሉኝ።

«ተማሪ ነኝ፣ እናቴ። ጎበዝ ተማሪ።»

ከዚያ ወደ ጠጋኙ ዞርኩ። «ስማኝ ወንድሜ፣ እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ዕቃው ሳይወጣ ግድግዳ ነክቼ አላውቅም። መጀመሪያ የእህቴን ዕቃ አውጣልኝ፤ ከዚያ ቤቱን ብትፈልግ አፍርሰው።»

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ጽሑፉን እሱም አነበበው። «እውነትዎን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጠርጌው ቢሆን ኖሮ አብቅቶለት ነበር።»

ዲስኩን ፈትቶ አወጣና በገመድ ከራሱ ማሽን ጋር አገናኘው። ፋይሎችሽ አንድ በአንድ ይሻገሩ ጀመር። መጽሐፍሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ፋይሉን ማንበብ አልተቻለም» ይላል።

«እሱም የማታ ትምህርት ይግባ!» አልኩ። ሴትዮዋ ሳቁ። እኔ ግን ጠረጴዛውን ጥብቅ አድርጌ ይዤ ነበር።

ጠጋኙ ዲስኩን አጥፍቶ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ። ከዚያ ያቃተው ቦታ ላይ እየተመላለሰ፣ በዝግታ የሚያነብ ፕሮግራም አስነሣ። አንዴ እምቢ አለ። ሁለቴም እምቢ አለ። በሦስተኛው አለፈ። መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ አንድም ሳይጎድል! ሰው ፊት እልል ማለት ለወንድ ያሳፍራል ብለሽ ነው? እኔ አላፈርኩም።

ጠጋኙ እንዳለው ዲስኩ ድሮም ታሞ ነበር፤ ማሻሻያው ሸክም ሆኖበት ነው የወደቀው። ቢሆንም አደራሽን ሳልጠይቅሽ ነክቻለሁና ይቅር በይኝ። አንቺም ግን ስሚ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ላፕቶፕ ይለቃል። አሁን አዲስ ዲስክ ገብቶለታል፤ መጽሐፍሽም በሁለት ፍላሽ ተቀድቶ አንዱ አክስታችን ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ አለ። የቀድሞ እጮኛሽ ፎቶዎች ብቻ አልተገኙም። እንዲደግም አልለመንኩትም።

የመጨረሻዋን ልንገርሽ። ጠጋኙ «ሙሉ መሆኑን ይዩልኝ» ብሎ መጽሐፉን ከፈተው። የመጀመሪያው ገጽ «ምስጋና» ይላል። እንዲህም ይላል፦ «ወንድም ጋሼ የሰው ቤት እየቀባ አስተማረኝ። ይህን ማንበብ ባይችልም፣ መጽሐፉ የእርሱ ነው።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛው ላይ ፊደሎቹ ተደበላለቁብኝ፤ የዓይኔ ጉዳይ ነው፣ የዲስኩ አይደለም።

«የጎደለ አለ?» አለኝ ጠጋኙ።

«የጎደለስ የለም» አልኩት፤ «ስህተት የሆነ አንድ መስመር ግን አለ።»

አልነካሁትም፣ እህት ዓለም። ስትመጪ፣ ወደ ማተሚያ ቤቱ ከመሄድሽ በፊት፣ በራስሽ እጅ አርሚው።

የመጽሐፍሽ ገጽ አሥራ አራት ላይ የደረሰው
ወንድም ጋሼሽ