የጋሽ ብርሃነ መስመር

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፣ ጠዋት 4፡00
ሊኑክሱን፣ ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ሲስተም፣ እያሻሻልኩ ነው። የመጽሔታችን ማሽን ስንት ዓመት ሳይነካ ኖሮ፣ አዲሱ ፕሪንተር አልናበብ ሲለው ለእኔ ተሰጠ። ዓምድ ጸሐፊ ነኝ ብል ማን ሰምቶኝ፤ አንዴ ዋይፋይ ስላስተካከልኩ ባለሙያ ተብያለሁ። መሃል ላይ ማሽኑ ይጠይቀኛል፦ የይለፍ ቃል የሚጣራበትን የመግቢያ ፋይል በአዲሱ ልተካው ወይስ የድሮው ይቆይ? ከፍቼ አየሁት። ጡረታ የወጡት ቴክኒሻናችን ጋሽ ብርሃነ የጻፉት ነው፤ ስማቸውም አለበት። የትልቅ ሰው እጅ ያረፈበትን እንዴት እሰርዛለሁ? የድሮው ይቆይ አልኩ። በጨዋነቴ ትንሽ ኮራሁ፣ አልዋሽሽም ማስታወሻዬ።

ሰኞ፣ 9፡30
አጥፍቼ አስነሳሁት። የይለፍ ቃሌን አይቀበልም። የማንንም። የወ/ሮ ዘይነባ መጽሐፍ እዚያ ውስጥ ነው። አራሚያችን ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ጽሑፍ ሲያርሙ ኖረው፣ በስማቸው የሚወጣ የመጀመሪያው። የወሎ ልጅነታቸው። ማተሚያ ቤቱ እስከ ረቡዕ ካልመጣ ተራችሁ ያልፋል ብሏል። ፍላሽ ላይ ያለኝ ያልታረመው ነው። ወ/ሮ ዘይነባ ደረሰ ወይ ሲሉኝ፣ እየተሻሻለ ነው አልኳቸው። ለጋሽ ብርሃነ መደወል ነበረብኝ። ግን ፋይልዎ ማሽኑን አበላሸው ይባላል?

ማክሰኞ፣ 5፡00
ሄድኩ። ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ማኪያቷቸውን ይዘው አገኘኋቸው። አንገቴን ደፍቼ ነገርኳቸው። ሳቁ።
«እኔን አክብረሽ ዘይነባን ልታስለቅሺ?»
ብድግ ብለው ወደ መጽሔቱ ቢሮ አብረውኝ መጡ። ዳገቱን እያለከለኩ፣ የሠፈሩን ሐሜት ሁሉ እየነገሩኝ። (ፎቶ አንሺያችን ሊያገባ ነው። አትንገሪ ተብያለሁ።)

ማክሰኞ፣ 8፡10
ጋሽ ማሽኑ ሲነሳ የሚጫኑትን ቁልፍ አሳዩኝ፤ ያለ ይለፍ ቃል በሚያስገባው የጥገና በር ገባን። የስህተት መዝገቡን አነበቡ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የይለፍ ቃል የሚያጣሩ ሞጁሎች፣ ትንንሽ የፕሮግራም ቁራጮች፣ በመግቢያው ፋይል መስመሮች ላይ በተራ ይጠራሉ። አንደኛው የይለፍ ቃል ደጋግሞ የሚሳሳተውን እየቆጠረ የሚዘጋ፣ እሳቸው ያስገቡት ነው። አዲሱ ሊኑክስ እሱን አውጥቶ በሌላ ተክቶታል። ፋይሉ ግን የሌለውን ይጠራል፤ አቤት የሚል ስለሌለ ሁሉም ሰው ይመለሳል።
«እንደኔ ጡረታ ወጥቷል» አሉ። «መስመሩን ሰርዢው።»
ፋይሉ ላይ ያለውን ስማቸውን ደግሜ አነበብኩ።
«ሰርዢው እንጂ ልጄ፣ ተዝካር አናወጣለትም።»
ሰረዝኩ። የተኪውን ስም ጻፍኩ፣ እሳቸው ፊደል በፊደል እየተከታተሉ። አስነሳሁ። ገባሁ። መጽሐፉ አለ፣ ከነእርማቱ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፣ 6፡00
ወ/ሮ ዘይነባ የታረመውን የገለበጥኩበትን ፍላሽ በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው ራሳቸው ማተሚያ ቤት አደረሱ። ተቀበሏቸው። ሲመለሱ ፊታቸው! ጉንጬን ሳሙኝ፤ ምን እንዳደረግኩ ቢያውቁ ይቆነጥጡኝ ነበር። ጋሽ ብርሃነ አልተናገሩብኝም።
የፎቶ ክፍሉ ማሽንም ያረጀ ነው፤ እሱም የእሳቸው እጅ ሥራ። ወስኛለሁ፦ ቅዳሜ አሻሽለዋለሁ። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ሌላ ቦታ እገለብጣለሁ። ጋሽ አጠገቤ ይቀመጣሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ የማይገባኝን መስመር ፊት ለፊት እጠይቃቸዋለሁ።