የአባትሽ ሚኒባስ የተነሳ ዕለት

ልጄ ሰርክአዲስ፣ የሰው አገር ይቅናሽ፤ እመቤቴ ከክፉ ሁሉ ትሰውርሽ። እኛ በሕይወት አለን። በስልክ እንዳልነግርሽ ወንድምሽ ይሰማኛል።

ወንድምሽ ይሄነው የአባትሽን ሚኒባስ አስነሳው። አባትሽ ከሞተ ወዲህ ጓሮ ቆሞ ሞተሩ ዝጎ ነበር። ባትሪ ቀይሮ፣ የነዳጁን መስመር አጥቦ ቁልፉን ሲያዞረው አገሩን በጩኸትና በጭስ ሞላው። ይህን የሰማ አጎትሽ ሽባባው መጥረቢያ ይዞ መጣ።

«የወንድሜ መኪና የእኔም ነው፤ አጥፋው» አለ።

ይሄነው «አላጠፋም» ቢለው ክንዱን በመጥረቢያው መታው። አጥንቱ ታየኝ። መጥረቢያውን ነጥቄ በማይቆርጠው ጀርባው የሽባባውን ደረት መታሁት፤ እኔ እናትሽ።

የይሄነው ደም አልቆም ሲል ሽባባው ራሱ ከወደቀበት ተነስቶ የሚኒባሱን መሪ ያዘ። ከአገራችን ከግምጃ ቤት እስከ ኮሶበር ሆስፒታል እያለቀሰ ነዳ። እኔ ከኋላ የይሄነውን ክንድ በነጠላዬ አስሬ ጨብጬ ነበር። ሐኪሞቹ እጁን አተረፉለት፤ ሽባባው ከዚያው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ።

አሁን ይሄነው «ሲፈታ እገድለዋለሁ» ይላል። ሳይቆጣ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። አንቺን ይሰማሻልና ኔትወርክ ሲገኝ ደውለሽ ልቡን አብርጂልኝ።

ብርድ እንዳይመታሽ፣ ደርበሽ ልበሺ። ዓይንሽን ሳላይ አይግደለኝ።

እናትሽ ወርቅነሽ