አምፖሉ የጠፋበት ቦታ

ምጽዋ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ ለየኔታ፤
ቤተ ልሔም፣ ጋይንት

እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቁርጥማቱስ በዚህ ውርጭ ተወዎት ወይስ ባሰበት? ጉባኤው፣ ተማሪው፣ ገብሱ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ በጸሎትዎ፣ ከዚህ ከሚጋረፍ ሙቀት በቀር ምንም አልሆንኩም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ድጓ አስመስክሮ መሪጌታ ይሆናል የተባለው ልጅዎ መኪና ጠጋኝ መሆኑን ወደዚያ ከሚመላለሱት ነጋዴዎች እንደሰሙ አውቃለሁ። ይሳቁ፣ ግድ የለም። ዛሬ የምጽፈው ግን ላመሰግንዎ ነው።

የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ያለው መኪና አለ ብልዎ ያምኑኛል? ጋይንት ላይ ብርዱ በነጻ ይታደላል፤ እዚህ ሀብታሙ ብርድ በመኪና ጭኖ ይዞራል! አንድ ነጋዴ እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና አለው። ባለፈው ወር መኪናው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ማቀዝቀዣው ይጠፋ ጀመር። ማቀዝቀዣውን መጨረሻ የነካው ሀሚድ ነበርና፣ የጋራዡ ጌታ ያበላሸው እሱ ነው፣ ቅዳሜ ይሰናበታል ብሎ ቆረጠ። ሀሚድ ያገራችን ሰው፣ የአርብ ገበያዋ የሀኒፋ ልጅ ነው። እዚህ ሥራ ያስገባኝ፣ መፍቻ አያያዝ ያሳየኝ እሱ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት። ምስኪን፣ ሳላውቅ አበላሽቼው ይሆናል እያለ ራሱን መጠርጠር ጀምሮ ነበር።

አርብ ዕለት መኪናውን ለእኔ ሰጡኝ። መስመሩ እንዳይቃጠል የሚጠብቀውን ቫልቮላ አየሁ፤ ደኅና ነው። ማቀዝቀዣውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋውም ደኅና ነው። ግራ ገባኝ። ያን ጊዜ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ተማሪ ዜማ ሲስት የሳተበትን ነግረውት አያውቁም፤ በመቋሚያዎ መሬቱን መታ አድርገው፣ ካልሳትክበት ተነሣ ነው የሚሉት። እኔም ከባትሪው ተነሣሁ። በትንሽ አምፖል ሽቦውን ስንዝር በስንዝር እየሞከርኩ ሄድኩ። በራ፣ በራ፣ በራ፤ ከፊት መብራቱ ጀርባ ሲደርስ ብልጭ አለና ጠፋ። ፈትቼ ባየው ሽቦው ብሎን ስር ተጨፍልቆ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። ብሎኑን ያሰርኩት ደግሞ እኔው ነኝ! ከወር በፊት መብራቱን ስቀይር ነው፤ ሽቦ ላይ ፕላስተር የምጠመጥምበትን አጠማጠም እኔ አጣዋለሁ?

ማንም አላየኝም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ሽቦውን ቀጥዬ፣ ዝም ብዬ እጄን ታጥቤ ነበር። ከበሩ ግን ተመልሼ ለጌታው ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኩት። ጮኸ፣ ሰደበኝ፤ ሲበርድለት ሁለታችሁም ወደ ሥራችሁ አለን። ሀሚድ ሁለት ቀን ዘጋኝ። በሦስተኛው ቀን ምሳውን አካፈለኝ።

የኔታ፣ ከጀመርኩ አይቀር የባሰውን ልናገር። በሰኔ ዝናብ የራሰውን ድጓ ያስታውሳሉ? ብራናውን በጣትዎ ዳብሰው ያለቀሱበትን? ሳላስፈቅድ ከማኅደሩ አውጥቼ የሚያፈስ ጎጆ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። መጽሐፉን የመጠበቁ ተራ አብሮኝ ይማር የነበረው የእንየው ነበርና የድጓ ምስክርነቱን የተከለከለው እሱ ሆነ፤ እኔ ተመርቄ ወጣሁ። እንየው መጽሐፉን ስመልስ አይቶኛል። አንድም ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ወዲህ ድጓ በገለጥኩ ቁጥር የእንየው ፊት ይመጣብኝ ነበር፤ አገልግሎቱን ትቼ እስከ ባሕር የወረድኩትም ለዚህ ነው። እነሆ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ካልሳትኩበት እንድነሣ ስላስተማሩኝ ጉልበትዎን እስማለሁ። ሀሚድን ያዳኑት እርስዎ ነዎት፤ እኔንም። አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ፤ ለእንየው ምስክርነቱን ይስጡት።

በዓይንዎ ፈንታ ሆኖ የሚመጣልዎትን ደብዳቤ ሁሉ የሚያነብልዎ እንየው ራሱ እንደሆነ ወደዚያ የሚመላለሰው ነጋዴ መሐሙድ ነግሮኛል። እንግዲህ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ቢቆም አይቆጡት። እስኪበቃው ይጠብቁት።

ጉባኤዎ አይፈታ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። በጸሎትዎ አይርሱኝ።

የሌላ ሰው ምርቃት ይዞ የወጣው ልጅዎ