ጋሪ ነጂዋ ስለ አራተኛው ሯጭ ለዋና ሥራ አስኪያጁ የጻፈችው ምስጋና

ለክቡር ሚስተር ፕሬስተን ሃልቨርሰን
የኢሪ መልሕቆች የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤንነትዎን፣ በተለይም የጉልበትዎን፣ የትከሻዎንና የጭንቅላትዎን ደኅንነት ከልብ እመኛለሁ። ሦስቱን ለይቼ መጥቀሴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በክለባችን ውስጥ ቶሎ የሚበላሹት እነሱ መሆናቸውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለምና።

ስሜ በርናዴት ኮቫልችክ ነው፤ የሰፈር ሰው በርኒ ይለኛል። ከሰኞ እስከ ዓርብ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ጨዋታ ባለበት እሑድ ደግሞ የተጎዳ ተጫዋች ከሜዳ የምታወጣዋን ባለ ባትሪ ጋሪ የምነዳው እኔ ነኝ። እርስዎ ከላይ ከመስተዋቱ በስተጀርባ ስለሚቀመጡ ቀይ ኮፍያዬን ሳያዩት አይቀሩም። ከእርስዎ በፊት በነበሩት ሥራ አስኪያጅ ዘመን ጋሪዋ ከመቆም ብዛት ሸረሪት አድርቶባት ነበር፤ እርስዎ ከመጡ ወዲህ ግን በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጎማ ቀይረንላታል። ከሥራ ፈትነት ስላዳኑኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ባለፈው ሐሙስ በተካሄደው የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ላይ ስላሳዩት ጥበብ ለማመስገን ነው። ዓመቱን በሽንፈት የጨረሰ ክለብ ቀድሞ እንዲመርጥ ስለሚፈቀድለት፣ ከእኛም የባሱ ሁለት ክለቦች ብቻ ስለተገኙ፣ ሦስተኛው ተራ የእኛ ነበር። ይህን ተራ ለማግኘት ዓመቱን ሙሉ ምን ያህል እንደደከምን እርስዎም ያውቁታል። በኢሪ ከተማ ውስጥ ምን እንደጎደለን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ አውቶቡሴ ላይ የሚሳፈሩት የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት እንኳ ያውቁታል። ኳስ ወርዋሪያችን የሚወረውርለትን ሰው ፍለጋ ዓይኑን አሻግሮ ሲልክ፣ በግራ በኩል ከጀርባው የሚመጣበትን አያይም። ይህን ጀርባ የሚጠብቅ የግራ ጠባቂ የሚባል ግዙፍ ሰው በየክለቡ አለ። በእኛ ክለብ ግን የለም።

እርስዎም ይህን በሚገባ ካጤኑ በኋላ፣ የተወረወረ ኳስ ሮጦ የሚቀበል አንድ ፈጣን ሯጭ መረጡ። በአራት ዓመት ውስጥ አራተኛው ሯጭ መሆኑ ነው። እንግዲህ ቅሬታ ለማለት ስለማልደፍር አድናቆቴን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ የሩጫ ሰዓትዎን አደንቃለሁ። የተከበሩ መልማዮችዎ ወጣቶቹን ቁምጣ አስለብሰው አርባ ያርድ ሲያስሮጡ፣ ሲያዘልሉና መዳፋቸውን በማስመሪያ ሲለኩ በቴሌቪዥን ተመልክቻለሁ። ልጁ በእርግጥም እንደ ንፋስ ይሮጣል። ሆኖም በስታዲየማችን ለሠላሳ አንድ ዓመት ስመላለስ በቁምጣ የተጫወተ ሰው አላየሁም፤ ኳስ ወርዋሪው ሦስት ሰው ደረቱ ላይ ተኝቶበት እያለ ለሯጭ ኳስ ሲያቀብል ደግሞ ፈጽሞ አላየሁም። ያለፉት ሦስት ሯጮችዎ በየሳምንቱ ሜዳው ጥግ ደርሰው፣ ዞር ብለው፣ ባዶ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው እኔና ጋሪዬ ስናልፍ ይመለከቱናል። በጣም ጨዋ ልጆች ናቸው፤ አንዱማ ሁልጊዜ በእጁ ሰላም ይለኛል። አሁን አራተኛ ስለመጣላቸው ብቸኝነት አይሰማቸውም። በማግስቱ ለጋዜጠኞች በሰጡት መግለጫ «ሰሌዳችን የነገረንን አመንን» ማለትዎንም ሰምቻለሁ። የተጫዋቾችን ስም በማዕረግ የደረደራችሁበትን ሰሌዳ ማለትዎ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ሰሌዳው ግን ጨዋታ አይቶ ያውቅ እንደሆነ ለመጠየቅ እወዳለሁ።

፪ኛ፤ ስለ ኦጊ ዛብሎትኒ። ይህ ወጣት የዚህ ዓመት ምርጥ የግራ ጠባቂ ሲሆን፣ ተራችሁ ሲደርስም ገና አልተወሰደም ነበር። ያደገው ከስታዲየሙ ሦስት መንገድ ብቻ ርቆ ነው። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ አውቶቡሴ ላይ ያመላለስኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ሰውነቱ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ሁለት መቀመጫ ይወስድ እንደነበር መመስከር እችላለሁ። እንደሚያውቁት በረዶ አዳር ከጣለ ክለቡ በሬዲዮ ይለምነናል፤ የከተማው ሰውም አካፋውን ይዞ ይወጣና እንግዶችዎ የሚቀመጡበትን ወንበር ሁሉ ይጠርጋል፣ ለዚህም ትኩስ ሾርባ ይሰጠዋል። ኦጊ አራት ክረምት ሙሉ ይህን ሠርቷል። እኛ ለስድስት የምንጠርገውን ረድፍ ብቻውን ጨርሶ፣ ሾርባውን ለአሮጊቶቹ አድሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። መልማዮችዎ ግን ክንዱን ለክተው ከሰሌዳው መስፈርት በግማሽ ጣት አጠረ አሉ። ያ አጭር ክንድ የእርስዎን ወንበር ሲጠርግ በቂ ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ ማጠሩን እንደ ተፈጥሮ ተአምር ቆጥሬዋለሁ። ከእርስዎ ቀጥሎ የመረጡት ከሐይቁ ማዶ ያሉት ባላንጣዎቻችን ማስመሪያ ስለሌላቸው ይመስለኛል፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይቆዩ ወሰዱት። የእነሱ ኳስ ወርዋሪ ከእንግዲህ በሰላም ያረጃል።

በዚያች ሰዓት እኛ እንደ ልማዳችን በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ማልያችንን ለብሰን፣ ድንች የተሞላ ሊጥ የሆነውን ፒዬሮጊያችንን እየበላን ነበር። የሯጩ ስም ሲጠራ አዳራሹ በቁጣ ጩኸት ተናወጠ። የእህቴ ባል ዋሊ ብቻ አልጮኸም። ሹካውን አስቀመጠና «በርኒ፣ በይ ጋሪዋን ዘይት ቀቢያት፤ ዘንድሮም እንጀራሽ አልተቋረጠም» አለኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ወደ መኪናዬ ሄጄ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ በሚቀጥለው ቁጥር እገልጻለሁ።

፫ኛ፤ ስለ ዴሾን ፕራየር። የመጀመሪያው ኳስ ወርዋሪዎ ጉልበቱ ሄደ፣ ሁለተኛው ትከሻው፤ ሁለቱንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ዴሾን ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ከጀርባው ተመትቶ ራሱን ስቶ ወድቋል። በሁለተኛው ጊዜ ጋሪዋ ላይ ሲነቃ ቀና ብሎ አየኝና «ሚስ በርኒ፣ ስንት ለስንት ነን?» አለኝ። ሃያ ሰባት ለሦስት እየተመራን ነበርና እውነቱን ነገርኩት። ትንሽ እንደሄድን «ሚስ በርኒ፣ ስንት ለስንት ነን?» አለኝ፤ እንዳልጠየቀ ሰው። ሃያ ሰባት ለአሥር አልኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ እኩል ነን አልኩት። መውጫው ጋ ስንደርስ ለአራተኛ ጊዜ ጠየቀኝ፤ እኔም እየመራን ነው ልጄ፣ አንተ ነህ ያስመራኸን አልኩት፤ ፈገግ አለ። በዚያ ዓመት በሜዳችን ያሸነፍነው ጨዋታ እሱ ብቻ ነው።

እናቱ ወይዘሮ ኦርሊን ከመቀመጫዋ ሮጣ ወርዳ የጋሪዋን ብረት ይዛ አጠገባችን ትራመድ ነበር። ሐኪሙን ትታ እኔን፣ «እህቴ፣ ጀርባውን የሚጠብቅለት ሰው ማን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ማንም ስላልነበረ ዓይኔን መንገዱ ላይ አድርጌ ነዳሁ። በኋላ ሐኪሙ ለሁለታችንም የነገረንን ለእርስዎም እነግርዎታለሁ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከተመታ ጉዳዩ ስለ ኳስ መሆኑ ቀርቶ ማንኪያ ስለ መያዝ ይሆናል ብሏል።

በመጋቢት ወር ደወለችልኝ። «እንዲጫወት ፈቅደውለታል። እኔ እንቢ ብለው አይሰማኝም፤ ልጅ ነው። ግን ዘንድሮ ጠባቂ ይወስዱለታል፣ አይደል?» አለችኝ። እኔም በሠላሳ አንድ ዓመት የደጋፊነት ስንፍናዬ፣ ምን ነካሽ፣ ዘንድሮማ ሦስተኛ ተራ አለን፣ እንዴት አይወስዱለትም ብዬ በእርስዎ ስም ቃል ገባሁላት። ሐሙስ ዕለት መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ስሟን አየሁት፤ አላነሳሁትም።

ክቡር ሆይ፣ እኔ በሳምንት አምስት ቀን የሰው ልጆችን ከእናቶቻቸው ደጅ ተቀብዬ እንደተቀበልኳቸው የምመልስ ሴት ነኝ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ልጅ ጎድሎብኝ አያውቅም። እሑድ እሑድ ግን እርስዎ ዘንድ የምሠራው ሥራ ሌላ መሆኑን ዘግይቼም ቢሆን ተረድቻለሁ። ከሐሙስ በፊት የተጎዱትን አደጋ ነው ብዬ አነሳኋቸው። ከሐሙስ በኋላ ግን ዴሾን የሚወድቅበትን ጎን፣ ማን እንደሚጥለው፣ ለምን እንደሚወድቅም አስቀድሜ ስለማውቀው፣ ሞተር አስነስቼ ዳር ቆሜ ልጠብቀው አልችልም። ስለዚህ የጋሪዋን ቁልፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ። ደጋፊነቴን ብተው ደስ ባለኝ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ቁልፍ ተፈትቶ የሚመለስ ሆኖ አላገኘሁትም።

ለወይዘሮ ኦርሊን ዛሬ ደውዬ እኔ እዚያ እንደማልኖር እነግራታለሁ። የቀረውን እርስዎ ይንገሯት፤ ስልክ ቁጥሯን በወረቀት ጽፌ ከቁልፉ ጋር አስሬዋለሁ።

የሰሌዳዎ ጥበብ እየጨመረ፣ የሩጫ ሰዓትዎ ሳይቆም፣ ከመስተዋቱ በስተጀርባ ያለው ወንበርዎ እንደሞቀ እንዲኖር በመመኘት፣ ለሰጡኝ ብዙ ሥራ ከወገቤ ዝቅ ብዬ የማመሰግንዎ፣

ታዛዥዎ በርናዴት ኮቫልችክ
የቀድሞ ጋሪ ነጂ

ማስታወሻ፦ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው እስኪቀጠር ድረስ እርስዎ ራስዎ ቢነዷት የሚሻል ስለሚመስለኝ ጥቂት ምክር ልተው። ፔዳሏ ጠንካራ ስለሆነች ቀስ ብለው ይርገጧት። ሣሩ አልቆ አስፋልቱ ሲጀምር ጉብታ አለ፤ እዚያ ጋ ልጆቹ ያቃስታሉና ለመቆም ጥቂት እስኪቀርዎ ድረስ ያዝግሙ። የሚያሳፍሩት ልጅ ስንት ለስንት ነን ብሎ ከጠየቀዎት ደግሞ እየመራን ነው ይበሉት። እኔ እስከዚያ ለመድረስ ልጁ አራት ጊዜ እንዲጠይቀኝ አስፈልጎኝ ነበር፤ እርስዎ ግን ልምዱ ስላለዎት በመጀመሪያው አይቸገሩም።