ፊርሚኖ አይምጣ

ሰሜን ሆላንድ፣ እሑድ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2017

የማከብርዎና የምወድዎ እማማ ኤርሜሊንዳ፣

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ተራራው ላይ ብርዱ እንደገባ አውቃለሁና እንጨቱን ራስዎ እንዳይፈልጡ አደራ፤ ወንድምዎ ፊርሚኖ ምን ሥራ አለው? የላኩልን ቋሊማ ደርሶናል። ሲማው የራሱን ድርሻ በአንድ ቀን ጨርሶ የእህቱን ለመቀማት ሲያባብላት ሰነበተ። ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ነን ስል ግን የሐሙሱን የስልክ ጸብ ረስቼው አይደለም።

ጆሮዬ ላይ ስለዘጉብኝ በአፍ ያልጨረስኩትን በወረቀት ልጨርሰው ብዬ ተቀምጫለሁ። «ዲሴምበር ሲገባ ፊርሚኖን ልኬ ልጆቹን አስመጣለሁ። አንቺ መኪና እስክትገዢ እኔ ጋ ይቆያሉ» አሉኝ። መልሴ ያው ነው፤ ልጆቼን አልሰጥም። ስለማከብርዎ ግን ምክንያቴን ሳልነግርዎ አልቀርም።

ልጅዎ ዴሊዮ በበጋ ጥሎን ሲሄድ መኪናውን ይዞ ሄደ። ይህን ያውቁታል። ያላወቁት ቢኖር ይህን ቤት የተከራየነው መኪና አለን ብለን መሆኑን ነው። ትምህርት ቤቱ ከእርሻዎቹ ማዶ፣ የሚቀጥለው መንደር ውስጥ ነው። አውቶቡስ በሰዓት አንዴ ያልፋል፤ አንዱ ገና ሳይነጋ ይመጣል፣ ሌላው የሚያደርሰን በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ስለዚህ በእግር ጀመርን። ቤኔዲታ ሰባት ዓመቷ ነውና ትችላለች። ሲማው ግን አራት ዓመቱ ነው፤ ግማሽ መንገድ ይሄድና እንደ በቅሎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ አዝዬው ነው። በሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሲዘጋ እኛ ገና ከላሞቹ ጋር ነን።

ርዕሰ መምህርቷ ጠራችኝ። «ወይዘሮ፣ መዘግየት እዚህ እንደ ቀልድ አይታይም። ከቀጠለ ለማዘጋጃ ቤቱ ማሳወቅ ግዴታችን ነው» አለች።

«መኪና እኮ የለኝም» አልኳት።

«መኪና ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ፤ የምሯን ነው።

በግኜ ወደ ቤት ስመለስ ጎረቤቴ ቪትስከ አጥሯ ላይ ተደግፋ አገኘችኝ። ባሏ የሞተባት፣ ከእርስዎ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት፤ ምላሷም ከእርስዎ አያንስም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሆነውን ስነግራት «እኔ አራት ልጅ ትምህርት ቤት ያደረስኩት በምን ይመስልሻል? በሠረገላ?» አለችና ጎተራዋን ከፈተች። ከፊቷ ትልቅ የእንጨት ሣጥን የተገጠመላት አሮጌ ብስክሌት አወጣች። ልጆቹ የሚቀመጡት ሣጥኑ ውስጥ ነው።

«በዝናብስ?» አልኳት።

«ከስኳር ነው እንዴ የተሠራሽው? አትሟሚም።»

ልጆቹን ግን ወዲያው አላስጫነችኝም። ሣጥኑን በድንች ጆንያ ሞላችውና በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ አስነዳችኝ። «መጀመሪያ ድንቹን አድርሺ፤ ድንች ቢደፋ አያለቅስም» ትለኛለች። ቅዳሴ ጨርሶ የወጣው ሰው ሁሉ ቆሞ አየኝ። ሁለት ጊዜ ደፋሁት። ልጆችም አዋቂዎችም ድንቹን እየለቀሙ መለሱልኝ፤ አንዱ እንኳ አልሳቀም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ሐሙስ በስልክ ወዳነሡብኝ ቦይ ልምጣ፤ ያስቆጣዎት እሱ ነውና። የእኛ አገር ብስክሌት ቁልቁለት ብቻ ነው የሚያውቀው። ልጆች ሳለን ፔዳሉን ወደ ኋላ እያሽከረከርን እግራችንን እናሳርፍ እንደነበር ያስታውሳሉ። የቪትስከ ብስክሌት ግን መሪው ላይ ፍሬን የላትም። ፔዳሏን ወደ ኋላ ከረገጧት ቀጥ ብላ ትቆማለች። ነግራኛለች፤ በድንቹም ለምጄው ነበር። ግን የመጀመሪያው ሰኞ ትራክተር ከፊቴ ሲመጣ ደነገጥኩና እግሬ የልጅነቱን አደረገ። ብስክሌቷ ቆመች፣ ሣጥኑ ዘመመ፣ ሦስታችንም ከመንገዱ ዳር ያለው ጉድጓድ ውስጥ ገባን። ልብ ይበሉ፣ ጉድጓድ ነው ያልኩት። ውሃው ከሲማው ጉልበት አያልፍም። «ትልቅ ቦይ ውስጥ ሰመጥን» ያለችዎት ቤኔዲታ ናት፤ የዚያች ልጅ አፍ መዝጊያ የለውም።

ሲማው ጭቃውን ከዓይኑ ጠርጎ «እንደገና!» አለ። እኔ ግን ጭቃው ውስጥ ተቀምጬ ቀረሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ያን ሰዓት ፊርሚኖ ቢመጣ ኖሮ ልጆቹን እሰጠው ነበር።

የመጣው ግን ባለትራክተሩ ነው። ወረደ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ አወጣ፣ ብስክሌቷን በአንድ እጁ አነሣት። አላባበለኝም፣ አልተቆጣኝምም። «መቆሚያዋ እግርሽ ላይ ነው። ነገ እንዳትረሺ» ብሎኝ ሄደ። እማማ፣ ነገ እንዳትረሺ አለኝ እንጂ ነገ እንዳትመጪ አላለኝም። ያች ቃል ቀጥ አድርጋ አቆመችኝ።

ትምህርት ቤት ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። ደወልኩ። አለቀልኝ፣ አሁን ያሳውቁብኛል ብዬ ስጠብቅ የሲማው መምህርት ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችን።

«የቱ ጉድጓድ ነው?»

«የወተት እርሻው ጋ ያለው።»

«እ፣ እሱማ ክፉ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ገብቼበታለሁ» ብላ ቁም ሣጥን ከፈተች። ለእንዲህ ያለ ቀን ሲባል በየቁመቱ የተደረደረ ሱሪ አለ። ሁለቱንም አለበሰቻቸው። ርዕሰ መምህርቷም ከቢሮዋ ብቅ አለችና ጭቃዬን አይታ «በብስክሌት ነው የመጣችሁት? በይ ቡና ጠጪና ሂጂ» አለችኝ። ስለ ማዘጋጃ ቤቱ አላነሣችም። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ቀን አልዘገየንም። ይህን ቤኔዲታ በስልክ አልነገረችዎትም።

አሁን እሷ የራሷ ትንሽ ብስክሌት አላት። እዚህ ነፋሱ ከባሕር ሲመጣ አዋቂ ሰው እንኳ ያስቆማል፤ ስለዚህ ወላጅ አንድ እጁን መሪው ላይ፣ አንድ እጁን ልጁ ጀርባ ላይ አድርጎ እየገፋ ይነዳል። እኔም እንደነሱ ሳደርግ ከረምኩ። ማክሰኞ ዕለት ያን ነፋስ ስንጋፈጥ ቤኔዲታ «እማዬ፣ እጅሽን አንሺልኝ። አንቺ መሪውን በሁለት እጅሽ ያዥ፣ ሲማውን እንዳትደፊብን» አለችኝ። አነሣሁላት። ጎንበስ ብላ እየታገለች ከፊቴ ሄደች። አለቀስኩ፤ ከኩራት ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም።

እርስዎ ጋ ቢሆኑ ፊርሚኖ በሞቀ መኪና እንደሚያደርሳቸው አውቃለሁ። ምግቡም፣ ፍቅሩም እንደማይጎድልባቸው አውቃለሁ። እኛም መኪና ነበረን፤ ግን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ባለመኪናውም እኛን ከዝናብ አላስጣለን። አባታቸው ጥሏቸው ሄዷል። እናታችን ደግሞ ላከችን እንዲሉ አልፈልግም። ሲደክመኝ ይደክመኛል፤ ስወድቅም እነሣለሁ። ከዚህ ነገር ንቅንቅ አልልም፣ እማማ። ይቆጡኝ እንጂ ይህንን አይለምኑኝ።

አንድ ነገር ግን አላስተኛኝ አለ። ሐሙስ፣ ከመጣላታችን በፊት፣ «ዴሊዮ ያ ሳሉ ለቀቀው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው የገባኝ። ስለ ልጅዎ ሳል እኔን የሚጠይቁኝ ለእርስዎም ስለማይደውል ነው። እኔ ደግሞ ጥሎ የሄደው እኔንና ልጆቹን ብቻ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ፊርሚኖ አይምጣ። ትኬቱን በእርስዎ ስም ያስቆርጥ። የልጆቹ ክፍል ውስጥ አልጋ አስገብቻለሁ፤ ቤኔዲታ መስኮቱ በኩል ያለውን ለእርስዎ ለቃለች። ለገና ይምጡ፣ ካልሰለቸንዎትም እስከ ፋሲካ ይቆዩ። ልጆቹን ማሳደግ ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ አንድን ልጅ መናፈቅም እንደዚያው። ሁለቱንም አብረን እንሸከመው።

እመቤታችን ጉልበትዎን ታጽናልን፣ በረዶው ሳይዘጋው መንገዱን ትክፈትልን። የሁለቱ ልጆች መሳም ይድረስዎ፤ የሲማው ቋሊማ ቋሊማ ይላል፣ ይቻሉት።

ልጅዎ፣
ግራሲንዳ